የዜና ጫጩት አያድግም

ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ የጓሯችንን ዕቃ ቤት በር ስከፍት 11 ዶሮዎች ሞተው ጠበቁኝ። የቀሩት 49ኙ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አላቀው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ያለከልኩ ነበር። ፈንግል አልገባም። ሸለምጥማጥም አልደረሰባቸውም። መርዝ ያበላቸውም የለም። ዶሮዎቼን የገደላቸው ቤታቸው ነው።

ያንን ቤት ‹‹ዶሮ ቤት›› ብዬ የሰየምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ግማሹ ኑዛዜ፣ ግማሹ ክስ ነው። ክሱ በማን ላይ እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከተከሳሾቹ አንዷ እኔው መሆኔን ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ምክሩ

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ዛሬም ‹‹ናዝሬት›› ነው የምትላት። ጋዜጠኝነት ተምሬ የተመረቅኩ ዕለት ቤታችን በግ ታርዷል። ከዚያ ወዲህ ዲግሪዬ ሳሎን ውስጥ ከአባቴ ፎቶግራፍ ጎን ተሰቅሎ ከመታየት ሌላ ሥራ አላገኘም። ‹‹ለጊዜው በነፃ አገልግይና ልምድ ያዢ›› ያሉኝ ሁለት ቦታዎች ነበሩ። አገለገልኩ፤ ልምዱንም ያዝኩ። የባጃጅ ሒሳብ ግን ከእናቴ መቀበሌን አላቆምኩም።

ቀበሌ ስሄድ፣ ስብሰባ ስቀመጥ፣ ዘመድ ቤት ለቡና ስጠራ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ ‹‹ለምን ዶሮ አታረቢም?›› ከእኛ በፊት የነበሩት ምሩቃን ‹‹ኮብልስቶን ጥረቡ›› ተባሉ። የእኛ ተራ ሲደርስ ድንጋዩ ወደ ዶሮ ተለወጠ። መቼም ከድንጋይ ዶሮ ይሻላል፤ ቢያንስ እንቁላል ይጥላል።

በእውነት ግን ምክሩን በቀልድ ላልፈው አልፈልግም። ምክንያት አለው። የ‹‹ሌማት ትሩፋት›› ዘመቻ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ወተት፣ ማርና ዓሣ ከእንቁላልና ከዶሮ ጋር በአንድ ሌማት ቀረቡ። አዳማ ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። ስብሰባ ባለበት ሆቴል አለ፣ ሆቴል ባለበት ቁርስ አለ፣ ቁርስ ባለበት እንቁላል አለ። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ቢሾፍቱ የአገሪቱ የዶሮ እርባታ ዋና መዲና ናት። ወዲህ ወደ መቂና ባቱ ስንወርድ ደግሞ መስኩ በቆሎ ነው። ዶሮ ማርባት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የማይሆን ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። የሚያናድደው የሚሆን ነገር መሆኑ ነው።

እናቴም አመነች። ግቢያችን ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ለተማሪ አከራይታ በየወሩ ኪራይ መቀበል ትችል ነበር። ‹‹ተማሪው ቢቀር ይቅር፣ ልጄ ሥራ ትያዝ›› ብላ ክፍሏን ለእኔ ለቀቀችልኝ። በዚያ ላይ እቁብ ደርሷት ነበርና እሱንም አወጣችው። የእናት እቁብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የአባቴ ዕቃ ቤት

ክፍሏ 3 ሜትር በ4 ሜትር ናት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ቤታችንን ሠርቶ ሲጨርስ በተረፈው ብሎኬት ያቆማት ናት። ጣሪያዋ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። በሯ ብረት ነው። መስኮቷ ከአንድ ትሪ አይበልጥም፤ እሱንም ሌባ ፈርቶ በቆርቆሮ ቸንክሮታል። ውስጧ ከሰል፣ የተሰበረ አልጋ፣ የወንድሜ ብስክሌትና የእኔ የ8ኛ ክፍል ደብተሮች ነበሩባት። አባቴ ያቺን ክፍል ሲሠራ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ የገባው እንዳይወጣ፣ የውጪው እንዳይገባ። ዝናብ አይገባም፣ አቧራ አይገባም፣ ሌባ አይገባም፣ ነፋስም አይገባም። ለዕቃ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ዕቃውን አወጣን። ወለሉን አጠብን። ግድግዳውን ኖራ ቀባን። ሰጋቱራ በማዳበሪያ ገዝተን አንድ ጣት ያህል ውፍረት አነጠፍን። በኢንተርኔት ያገኘኋቸውን ቪዲዮዎች ሌሊት ሌሊት እያየሁ ተማርኩ። የውጭ አገር ሰዎች የጓሮ ዕቃ ቤታቸውን እንዴት አድርገው ዶሮ ቤት እንደሚያደርጉት ያሳያሉ፤ መጋዝ አላቸው፣ መሰርሰሪያ አላቸው፣ ትዕግሥት አላቸው። ሽንቁሩን ይደፍናሉ፣ ግድግዳውን ሙቀት እንዳያስወጣ አድርገው ያለብሳሉ። እኔም ሽንቁሬን ደፈንኩ። ሰዎቹ የሚኖሩት በረዶ በሚጥልበት አገር መሆኑን፣ እኔ ደግሞ አዳማ መሆኔን ለማሰብ አንድ ደቂቃ አላጠፋሁም።

ሒሳብም ሠርቻለሁ። ለእንቁላል ዶሮ በ1 ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 7 ዶሮ እንደሚባል አነበብኩ። 12 ካሬ ሜትር ሲባዛ በ5፣ 60። ጥር ላይ 45 ቀን የሞላቸውን 60 ቄቦች በካርቶን አስገባሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር። አየር የሚባለው ነገር ግን ሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ጥር ላይ ምንም አልሆኑም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ እነሱም ትንንሾች ናቸው፤ ዝግ ቤት እንዲያውም ተመቻቸው። የካቲት ላይ በሩን ስከፍት ዓይኔን የሚቆጠቁጠኝ ሽታ ጀመረ። ‹‹ዶሮ መቼም ይሸታል›› ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው ያ ሽታ ማስጠንቀቂያ ነበር። ኩሳቸውና ትንፋሻቸው ሰጋቱራውን አርጥቦት አሞንያ ያወጣ ነበር። የእኔን ዓይን የቆጠቆጠ ነገር ቀንና ሌሊት ለሚተነፍሱት ምን እንደሆነ አስቡት። መጋቢት ገባ፤ ቄቦቹ አደጉ፤ ቆርቆሮው ጋለ። ከዚያ ያቺ ቀን መጣች።

ዶሮ አታልብም። ይህን ሳላውቅ ነው ዶሮ አርቢ የሆንኩት። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲበዛባት የምታስወጣው በአፏ እያለከለከች ነው። የቤቱ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መብላት ትቀንሳለች፣ ውኃ ታበዛለች፣ እንቁላሏ ያንሳል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል። ማለከለክ የሚያበርዳት ደግሞ ትንፋሿ የሚሄድበት ካለው ነው። በዝግ ቤት ውስጥ 60 ዶሮ ሲያለከልክ ቤቱ እንደ እንፋሎት ድስት ይሆናል።

ነፋስ በሞላበት አገር

አጥራችንን ተሻግሮ ያሉ ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በእንስሳት ጤና ረዳትነት የፈጁ ጡረተኛ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። እናቴ ሮጣ ጠራቻቸው። መጡ፣ በሩ ላይ ቆሙ፣ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ፣ የተቸነከረውን መስኮት አዩ።

‹‹ልጄ፣ ይሄ ዶሮ ቤት አይደለም›› አሉኝ። ‹‹አክንባሎ የደፋሽበት ምጣድ ነው።››

ዝም አልኩ።

‹‹ናዝሬት ተቀምጠሽ ነፋስ ቸገረሽ?›› ብለው ጨመሩ።

እውነት ነው፣ ነፋስ የሚቸግርበት ከተማ አይደለንም። አቧራው ዓይናችንን ሲያጠፋው የምናማርረው ነፋስ አገር መብራት የሚያመነጭበት ነው። በ2004 ዓ.ም. አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሥራ ጀመሩ። ያን ጊዜ እነዚያን ነጫጭ ማማዎች አይተን ‹‹የእኛ ነፋስ›› ብለን ኮርተናል። እኔ ግን ያንን ነፋስ በብሎኬት ከልዬ፣ ሽንቁሩን በጨርቅ ደፍኜ፣ 11 ዶሮ በአየር እጦት ቀበርኩ።

በዚያው ሳምንት 4 ተጨማሪ ሞቱ። 45 ቀሩ። ቁጥሩን ጋሼ ‹‹አሁን ገና ለዚህ ቤት ልክ ሆነ›› አሉት፤ በሙቀት አገር በካሬ ሜትር 4 አካባቢ ሲሆን ይሻላል አሉኝ።

በማግሥቱ መዶሻ ተነሣ። የተደረገውን በዝርዝር የምጽፈው ዕቃ ቤት ያለው አንባቢ እንዲጠቀምበት ነው። የሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች ብሎኬት ከላይ ጀምረን አወረድን፤ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ተውን። የተተወችው አጭር ግድግዳ ሥራ አላት፤ ነፋሱ መሬት ላይ ያሉትን ዶሮዎች በቀጥታ እንዳይመታቸውና ሰጋቱራው እንዳይበተን ትጠብቃለች። ከእሷ በላይ እስከ ጣሪያ ወንፊት ሽቦ ወጠርን። እናቴ ‹‹ሌባ ሽቦ ቆርጦ ይገባል›› ብላ ሌሊቱን ሳትተኛ ስላደረች ከሽቦው በስተጀርባ ፌሮ በፍርግርግ አስበየድን። የአባቴ ሥጋት ልክ ነበር፤ መፍትሔው ነው ለዶሮ የማይሆነው። ሌባና ሸለምጥማጥ ይከልከሉ፣ ነፋስ ግን ይግባ።

የተስተካከለ ዶሮ ቤት ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል፤ ፀሐይ በረጃጅሞቹ ጎኖች እንዳትገባ። የእኛ ግን በተቃራኒው ነው፤ አባቴ ሲሠራው ዶሮ አላሰበም። ስለዚህ የቆርቆሮውን ጠርዝ ወደ ውጭ አስረዘምነው፣ በምዕራብ በኩል የሚጠቀለል የጆንያ መጋረጃ ሰቀልን። ጣሪያው ላይ ሣር ደለደልን። ለቆጥ ከአጠና ቀጫጭኑን መርጠን አጋደምን፤ ለአንድ ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃታል። ለ5 ዶሮ አንድ መጣያ ጎጆ በሚለው ሒሳብ ከአሮጌው አልጋ ጣውላ 9 ጎጆ ተሠራ። የተሰበረው አልጋ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ከእኔ ቀደመ ማለት ነው።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሄጄ አየኋቸው። አፋቸው ተዘግቷል። ሽታው የለም። ከእቁቡ የተረፈው ግን ማፍረሻ ላይ አለቀ። መጀመሪያ ሳይገቡ ማፍረስ ርካሽ ነበር።

የአያቴ ዶሮና የእኔ ዶሮ

‹‹ለምን ዶሮ አታረቢም?›› የሚሉኝ ሁሉ በልባቸው ያለችው ዶሮ የአያቴ ዶሮ ናት። የአያቴ ዶሮ ቤት አልተሠራላትም፤ ማታ ማታ ጓዳ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ ጠዋት ትወርዳለች፣ ጭራ ትበላለች፣ ራሷ ታቅፋለች፣ ራሷ ታሳድጋለች። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። አያቴ በዚያ እንቁላል ጨው፣ ጋዝና የልጆች ደብተር ገዝታለች። ባሏን ሳታስፈቅድ የምታዝዘው ብር ቢኖር የእንቁላሉ ብር ነበር። ያቺን ዶሮ እወዳታለሁ፤ አልንቃትም።

የእኔ ዶሮ ግን ሌላ ናት። የተሻሻለ ዝርያ ናት፤ በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ200 በላይ ልትጥል ትችላለች። ‹‹በደንብ ከተያዘች›› የምትለዋ ሐረግ ግን ወርቅ ናት፤ በማስታወቂያና በስብሰባ ላይ ቶሎ የምትዘለለው እሷ ናት። የእኔ ዶሮ ጭራ አትኖርም። ለአቅመ እንቁላል ስትደርስ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። 45 ሲሆኑ በቀን 5 ኪሎ፣ በወር አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ማለት ነው። መኖውም በቆሎ፣ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ለቅርፊቱ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተመጥኖ የሚገባበት ነው። በዶሮ እርባታ ከሚወጣው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚበላው መኖ ነው። በቆሎው ደግሞ የእኛም ምግብ ነው፤ ገበያ ላይ ዶሮዬና ጎረቤቴ ለአንድ ኩንታል ይሽቀዳደማሉ።

የመጀመሪያው እንቁላል እስኪመጣ አምስት ወር ገደማ ነው። እነዚያን ወራት ሙሉ ወጪ ብቻ እንጂ ገቢ የለም። ‹‹60 ጫጩት ሰጠናት›› የሚለው ንግግር ውስጥ እነዚያ ወራት የሉም። ብዙ ወጣት ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ መሐል ነው፤ መኖ ይቀንሳል፣ ከዚያ ትራፊ እንጀራ ይጀምራል፣ ከዚያ ዶሮዎቹ ሳይጥሉ ገበያ ይወጣሉ። ‹‹የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች›› የሚለው ተረት ለእኛ ዘመን ምሩቅ የተተረተ ይመስለኛል።

ፆሙንም አትርሱ። ዶሮ ሁዳዴ አታውቅም፣ ፍልሰታ አታውቅም፤ እንቁላሏን ትጥላለች። ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሁሉ እንቁላል ይፈልጋል፤ በሁዳዴ ግን ባለሱቁ ‹‹ያለኝንም አልሸጥኩ›› ይላችኋል። የእኔዎቹ መጣል የጀመሩት ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በዕድል እንጂ በዕቅድ አልነበረም። ደግነቱ አዳማ የሁሉም ቤት ናት። አንዱ ሲፆም ሌላው ይበላል። ለዶሮ አርቢ አብሮ መኖር ትርፍም አለው።

50 ኪሎ ሜትርና አንድ ብልቃጥ

አየሩ ተስተካከለ፣ መኖው በብድርም በልመናም ተገኘ። የቀረው ፈንግል ነበር። ፈንግል ሲገባ አንድ ሁለት ብሎ አይቆጥርም፤ ያልተከተበ ቤት ውስጥ ከገባ ጠዋት የነበረ መንጋ በሳምንት ውስጥ ባዶ ቆጥ ይሆናል።

ክትባቱ ሩቅ አይደለም። የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ቢሾፍቱ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የኖረ ተቋም ነው፤ የፈንግልን ክትባት እዚያ ይሠራሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው፤ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም እዚያው። ከእኛ ቤት ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጦ እኔ ስለ ዶሮ የተማርኩት በረዶ ከሚጥልበት አገር ቪዲዮ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ችግሩ ብልቃጧ ናት። አንዷ ብልቃጥ የምትሠራው ለብዙ ዶሮ ነው እንጂ ለ45 አይደለም። በቅዝቃዜ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለባት። አንዴ በውኃ ከተበጠበጠች በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ አለባት፤ ለነገ አትቀመጥም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ሕያው የሆነውን ክትባት ይገድለዋል፤ ወይ ሌላ ንጹሕ ውኃ ይፈለጋል ወይ ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ይጨመርበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዶሮዎቹ እንዲጠማቸው ለጥቂት ሰዓት ውኃ ይነሣባቸዋል። ይህን ሁሉ ለ45 ዶሮ ብቻ ማድረግ ኪሳራ ነው። ‹‹ይቅር›› ያስብላል። ፈንግል ደግሞ የሚኖረው ‹‹ይቅር›› በተባለበት ቤት ነው።

መፍትሔው የተገኘው በእናቴ ቡና ላይ ነው። በሠፈራችን ዶሮ ያላቸው 5 ቤቶች ተቆጠሩ፤ አንዷ 8 ዶሮ፣ አንዷ 30፣ እንዲህ እንዲህ። ብልቃጧ በጋራ ተገዛች። ጋሼ በበረዶ ዕቃ ይዘዋት መጡ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተበጠበጠች፤ ጀሪካን ተይዞ ከቤት ቤት ተሮጠ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አለቀች። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ እንደዚያው ነው። ቀኑን የምታስታውሰው እኔ ነኝ፤ ለአምስቱም ቤት እደውላለሁ። የሙያዬን ነገር ብትጠይቁኝ እስከ ዛሬ ካሠራጨሁት ዜና ሁሉ የጠቀመው ይህ ነው።

ከዚያስ?

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ።

በትምህርት ቤት ዜና ስድስት ጥያቄ ይመልሳል ተብለን ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። የዶሮ ዜና ደግሞ እንዲህ ይላል፤ በእንዲህ ያለ ከተማ፣ በእንዲህ ያለ ቀን፣ ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ለሥራ አጥ ወጣቶች ተሠራጨ። ኃላፊው ቢጫ ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው ፈገግ ይላሉ። ካሜራው ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ዜና ከአዲስ ቁጥርና ከአዲስ ጫጩት ጋር ይመጣል። አንድም ጊዜ ያችኛዋ ጫጩት አድጋ አላየናትም። በእኛ ዜና ላይ ጫጩት አያድግም።

የሚጎድለው ሰባተኛው ጥያቄ ነው፤ ‹‹ከዚያስ?››

ይህ የዛሬ በሽታ አይደለም። የውጭ ዝርያ ዶሮዎች፣ እነ ሮድ አይላንድ ሬድና እነ ነጭ ሌግሆርን፣ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል መግባት የጀመሩት በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ አውራ ዶሮ ታድሏል፣ ለማስፈልፈያ የሚሆን እንቁላል ታድሏል፣ የአንድ ቀን ጫጩት ታድሏል። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ፤ ከዚያ የሌማት ትሩፋት መጣ። መንግሥት ተለወጠ፣ ስሙ ተለወጠ፤ የሚቆጠረው ነገር ግን ያው ነው፤ የተሰጠው። የተሰጠን መቆጠር ቀላል ነው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። የኖረውን ለመቁጠር ግን ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል፣ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፣ ‹‹ሞቱብኝ›› የሚል መልስ ለመስማት ልብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የተሠራጨውን ጫጩት መቁጠር ይቅር፤ ከዓመት በኋላ በሕይወት ያለውን ዶሮ ቁጠሩ። ይህ አንድ ቁጥር ከተለወጠ ሌላው ተከትሎት ይመጣል። በሕይወት ባለው የሚመዘን ኃላፊ ጫጩት ከመስጠቱ በፊት ቤቱን ሄዶ ያያል፤ እንደ አባቴ ዕቃ ቤት የታፈነ ከሆነ ‹‹መጀመሪያ ግድግዳውን አፍርሺ›› ይላል። ብድሩን ሲያዘጋጅ ለጫጩቷ ብቻ አይሆንም፤ እንቁላል እስኪመጣ ላለው አምስት ወር መኖ ያስባል። አንድ ሠፈር ውስጥ ያሉትን አርቢዎች ለፎቶግራፍ ሳይሆን ለብልቃጥ ያደራጃል። ቄቧን ለአዳማና ለመተሐራ ሲሰጥ ለአዲስ አበባ ወይም ለደብረ ብርሃን እንደሚሰጠው አድርጎ አይሰጥም፤ ሙቀቱ አንድ አይደለምና።

‹‹መንግሥት ሁሉን ይሥራልሽ እንዴ?›› የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጋሼ የሚኖሩት አጥሩን ተሻግሮ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና ላይ ጠይቄያቸው ቢሆን 15ቱ ዶሮዎች ባልሞቱ። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ሙያዬ መጠየቅ ነው፤ ጎረቤቴን ግን አልጠየቅኩም። ጥፋቴን እቀበላለሁ። ይሁንና የእኔ ጥፋት የ15 ዶሮ ነው። ያው ጥፋት በዘመቻ መልክ ሲሠራ የብዙ እናቶች እቁብ ይሆናል።

‹‹ወጣቱን ተስፋ አታስቆርጪ›› የሚለኝም ይኖራል። ለእሱ የምመልሰው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እውነቱ ሲነገረው አይደለም በሚል ነው። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ‹‹ቀላል ነው›› ተብሎ የገባበት ነገር ከብዶት ብቻውን ሲቀር፣ በኋላም ‹‹ይህ ትውልድ ሥራ አይወድም›› ሲባል ነው። 11 ዶሮ በአንድ ቀን የቀበረች ሴት ሰነፍ አልነበረችም፤ መስኮት አልነበራትም እንጂ።

ለባልደረቦቼም፣ ዜና ለምትሠሩት፣ አንድ ቃል አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የጫጩት ርክክብ ላይ ስትጠሩ ሂዱ፤ ግን ከኃላፊው ንግግር በኋላ ማይክራፎኑን ሳትዘጉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ‹‹የዓምናዎቹስ የት አሉ?›› ስም ዝርዝሩን ተቀበሉና ሦስት በር አንኳኩ። ያደጉትን ካገኛችሁ እሰየው፣ የምሥራች ዜና ነው፤ እንዴት እንዳደጉ ጻፉልን። ካላገኛችሁም ዜናው እሱ ነው።

እኔ ዛሬ 41 ዶሮ አለኝ። አራቱን በሌላ በሌላ ምክንያት አጥቻለሁ፤ አንዷን ጭልፊት ናት የወሰደቻት። በቀን ከ28 እስከ 32 እንቁላል አነሣለሁ። ዲግሪዬ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ የእናቴ እቁብ ግን በትንሽ በትንሹ እየተመለሰ ነው። ጠዋት ጠዋት የጆንያውን መጋረጃ ስጠቀልል የናዝሬት ነፋስ ከነአቧራው ፊቴን ይመታኛል። ድሮ እረግመው ነበር።